እህልን በፕላስቲክ ወይስ በብረት? ከነቀዝ የሚያድን ማከማቻ አመራረጥ

በኅዳርና በታኅሣሥ የበቆሎና የማሽላ ምርት ከማሳ ወደ ቤት ይገባል። ብዙው አርሶ አደር በአንድ ወቅት ለገበያ ስለሚያቀርብ የእህል ዋጋ የሚወርደውም በዚያው ጊዜ ነው። የግብዓት ዕዳ ያለበት ሰው ከምርቱ ከፊሉን ወዲያው መሸጡ አይቀርም። ዕዳ የሌለበትም ቢሆን ግን ብዙ ጊዜ ለመሸጥ ይቸኩላል። እህሉ እስከ ክረምት ቢቆይ የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ነቀዙ እስከዚያ እንደማያቆየውም ያውቃል። በታኅሣሥ በርካሽ የሸጠውን በቆሎ በነሐሴ በውድ የሚገዛ ቤተሰብ በየቀበሌው አለ።

ከዚህ ችግር ለመውጣት የሚያስችሉ ሁለት ዓይነት የማከማቻ ዕቃዎች በአሁኑ ጊዜ በአርሶ አደሩ ዘንድ እየታወቁ መጥተዋል። አንደኛው የፕላስቲክ ነው፤ ባለሦስት ንብርብር ከረጢት፣ በርሚልና ጀሪካን በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሁለተኛው ከላሜራ የሚሠራ የብረት ጎተራ ነው። የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው እህሉ ምን ያህል እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚቀነስና የት እንደሚቀመጥ በማየት ነው።

ነቀዝ ከየት ይመጣል?

ነቀዝ ከጎተራው የሚወለድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በእርግጥ ካለፈው ዓመት ትርፍራፊ እህል፣ ከአሮጌ ጆንያ ስፌትና ከጎታው ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ ነቀዝ አይጠፋም። የበቆሎ ነቀዝ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ከማሳው ነው። እህሉ በአገዳው ላይ ሳለ ሴቷ ፍሬውን በስታ እንቁላል ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። እጩ ተፈልፍሎ የፍሬውን ውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሙሉ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን ቀዶ የሚወጣው በሞቃት አካባቢ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንዲት ሴት ነቀዝ በሕይወት ዘመኗ እስከ 150 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

በታኅሣሥ ንጹሕ መስሎ የተከተተ በቆሎ በመጋቢት ዱቄት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የቆላው አርሶ አደር ከደጋው ቀድሞ የሚጎዳውም ሙቀቱ የነቀዙን ዕድገት ስለሚያፋጥነው ነው። ጤፍ ከፍሬው ማነስ የተነሣ ከነቀዝ የሚተርፍ እህል ነው። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ግን በየራሳቸው ነቀዝ ይጠቃሉ።

ነባሩ ጎተራ፣ ጎታና ጆንያ እህልን ከዝናብና ከመፍሰስ ይጠብቃሉ። አየር ግን ያስገባሉ። አየር እስካለ ድረስ በፍሬው ውስጥ ያለው ነቀዝ ይተነፍሳል፣ ይበላል፣ ይራባል።

አየር የማያስገባ ዕቃ እንዴት ይሠራል?

አዲሶቹ ዕቃዎች ፕላስቲክም ይሁኑ ብረት የሚሠሩት በአንድ መርሕ ነው። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለ። እህሉ በሚገባ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ነቀዞቹና እጮቹ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል። ኦክስጅኑ በጣም ሲያንስ መብላት ያቆማሉ፣ መራባትም ይሳናቸዋል፣ በመጨረሻም ደርቀው ይሞታሉ። መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም።

ከዚህ መርሕ ሁለት የአጠቃቀም ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ዕቃው እስከ አፉ መሞላት አለበት። ግማሽ ብቻ የተሞላ ዕቃ ብዙ አየር ስለሚይዝ ነቀዙ ለረጅም ጊዜ ይመገባል። ሁለተኛ፣ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል፤ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የታሸገ ዕቃ ቢያንስ ለሁለት ወር ባይከፈት ይመረጣል።

መጀመሪያ ማድረቅ

አየር የማያስገባ ዕቃ ውኃም አያስወጣም። እርጥበት ያለው በቆሎ በጆንያ ቢቀመጥ ቀስ በቀስ ሊደርቅ ይችላል፤ በታሸገ ከረጢት ወይም በብረት ጎተራ ቢቀመጥ ግን ይሻግታል። ሻጋታ ከሚያመነጫቸው መርዞች አንዱ የሆነው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፤ እህሉን በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። በርካታ አርሶ አደሮች “ከረጢቱ እህሌን አበላሸው” ሲሉ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ያበላሸው ግን ሳይደርቅ መከተቱ ነው።

በቆሎ ለማከማቸት የእርጥበት መጠኑ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በእጁ የሌለ ሰው በጨው መፈተሽ ይችላል። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና እስከ ሲሶው የሚደርስ እህል ይጨመራል። ክዳኑ ተዘግቶ በደንብ ከተናጠ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው ማለት ነው፤ ተመልሶ ፀሐይ ላይ መሰጣት ይኖርበታል። ጨው ካልተለጠፈ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ወደ 13 በመቶ ለማድረስ ግን ተጨማሪ የፀሐይ ቀናት ያስፈልጉታል። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ መሰበሩም የመድረቁ ምልክት ነው።

እህሉ በባዶ መሬት ላይ መሰጣት የለበትም። ከአፈር እርጥበት ይስባል፣ የሻጋታ ዘርም ከአፈሩ ይይዛል። ሸራ ወይም ምንጣፍ ላይ በስሱ ተሰጥቶ በየጊዜው መገላበጥና ማታ ማታ መሰብሰብ አለበት።

ማድረቅ ከሚዛን ላይ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም ስለዚህ ነው። 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ከ94 ኪሎ ግራም ብዙ አይበልጥም። የጠፋው 6 ኪሎ ግራም ገደማ ግን ውኃ ነው። ውኃውን ከእህሉ ጋር ማሸግ ቀሪውን 94 ኪሎ ግራም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የፕላስቲክ ከረጢት፣ በርሚልና ጀሪካን

ባለሦስት ንብርብሩ ከረጢት በብዙዎች ዘንድ “ፒክስ” በሚለው ስሙ ይታወቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን የአደንጓሬ ዓይነት ጥራጥሬን ከነቀዝ ለማዳን በሠሩት ሥራ የተጀመረ ነው። በኋላ ለበቆሎ፣ ለማሽላ፣ ለስንዴና ለሌሎች ሰብሎችም እንደሚያገለግል ተረጋግጧል። ሁለት ወፋፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች በውስጥ፣ አንድ የተሸመነ ማዳበሪያ በውጭ አሉት። አየር የሚከለክሉት የውስጦቹ ናቸው፤ የውጪው የሸክሙን ክብደት ይችላል።

አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመሞላቱ በፊት የውስጦቹ ከረጢቶች በአየር ተነፍተው ሲጨመቁ የሚያፈስ ቀዳዳ እንደሌላቸው ይታያል። እህሉ በደንብ ተነፍቶና ተበጥሮ የቆረቆንዳና የአገዳ ስባሪ ይወጣለታል፤ ስለት ያለው ስባሪ ፕላስቲኩን ይበሳልና። እህሉ ወደ ውስጠኛው ከረጢት ሲጨመር እየተነቀነቀና እየተጠቀጠቀ አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል። የውስጠኛው አፍ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ በገመድ ይታሰራል። ሁለተኛውም በተመሳሳይ መንገድ ይታሰራል፤ የውጪው ማዳበሪያ በመጨረሻ ይታሰራል። ሦስቱን አፎች በአንድ ላይ ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው።

የከረጢቱ ትልቁ ጥቅም ለየብቻ መከፈቱ ነው። 12 ኩንታል በቆሎ በ12 ከረጢት የከተተ ቤተሰብ አንዱን ከፍቶ ሲመገብ ቀሪዎቹ 11 እንደታሸጉ ይቆያሉ። ዋጋው ሲሻሻልም የሚፈልገውን ያህል ብቻ አውጥቶ ይሸጣል። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባዶው ከረጢት ታጥፎ ይቀመጣል።

ትልቁ ድክመቱ አይጥ ነው። አይጥ አንድ ጊዜ ከቀደደው አየር ይገባል፤ ከረጢቱም ተራ ማዳበሪያ ይሆናል። በመሆኑም ከረጢቶቹ በርብራብ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርገው፣ ዙሪያቸው ጸድቶ መቀመጥ አለባቸው። በጥንቃቄ ከተያዘ አንድ ከረጢት ከ2 እስከ 3 የምርት ዘመን ያገለግላል።

ጠንካራው የፕላስቲክ በርሚልና ጀሪካን በአይጥ በቀላሉ አይበሳም። 200 ሊትር የሚይዝ በርሚል ወደ 150 ኪሎ ግራም፣ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ደግሞ ወደ 15 ኪሎ ግራም በቆሎ ይይዛል። ክዳኑ ግን ጎማ ያለውና ጠብቆ የሚዘጋ መሆን አለበት። የፀረ ተባይ፣ የፀረ አረም ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለእህል አይሆንም። ኬሚካሉ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ ከቆይታ በኋላ ወደ እህሉ ይመለሳል። ዕቃው ምን እንደነበረበት የማያውቅ ሰው ባይገዛው ይሻላል።

የብረት ጎተራ

የብረት ጎተራ ዝገት ከሚከላከል ላሜራ በክብ ቅርጽ የሚሠራ፣ ከላይ እህል የሚገባበት፣ ከታች በጎን እህል የሚወጣበት አፍ ያለው ዕቃ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በተለይም በሆንዱራስ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በስዊዘርላንድ ድጋፍ በአነስተኛ ገበሬዎች ዘንድ ተስፋፍቶ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ አፍሪካ ገብቷል። ከጥቂት ኩንታል እስከ 30 ኩንታል የሚይዝ ተደርጎ ይሠራል። በከተሞች ያሉ የብረታ ብረት ባለሙያዎች ሥልጠና ካገኙ ሊሠሩት ይችላሉ።

አይጥ አይበሳውም፣ ነቀዝም አይቀደውም። በአግባቡ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ብዙ እህል በጠባብ ቦታ ይይዛል፤ ከሌባም ይሻላል፣ ሙሉውን ጎተራ ተሸክሞ የሚሄድ የለምና።

ጎተራው አየር የማያስገባ የሚሆነው ግን የሠሪው እጅ ጥሩ ሲሆን ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት በጨለማ መብራት ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ አፎቹን ዘግቶ፣ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ብርሃን የሚወጣበት ቦታ መኖሩን መመልከት ይኖርበታል። ብርሃን የሚያሳልፍ ስንጥቅ አየርም ያሳልፋል። እህሉ ከገባ በኋላ የላይኛውና የታችኛው ክዳን በጎማ ወይም በሚለጠፍ ፕላስተር መታሸግ አለበት። አንዳንዶች ጎተራው ከመዘጋቱ በፊት የተለኮሰ ሻማ በእህሉ ላይ ያቆማሉ፤ ሻማው እስኪጠፋ ድረስ ከኦክስጅኑ ጥቂቱን ይጨርሳል። ማሸጉ ካልተሟላ ግን ሻማው ብቻውን አይጠቅምም።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ብረት ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በዚህ መፈራረቅ ከእህሉ የሚነሣው እርጥበት ወደ ላይ ሄዶ በቀዝቃዛው ክዳን ሥር ጤዛ ይሆንና የላይኛውን እህል ያሻግታል። የብረት ጎተራ በጣሪያ ሥር፣ ፀሐይና ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው። እርጥብ ወለል ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ይዝጋል።

ሦስተኛው ችግር በየሳምንቱ የሚቀነስ ከሆነ የሚመጣ ነው። ቤተሰቡ ለምግብ በየጊዜው ከታችኛው አፍ በቀዳ ቁጥር አየር ይገባል፤ እህሉ እየጎደለ ሲሄድ ባዶው ቦታ እየሰፋ የሚይዘው አየርም ይበዛል። ስለዚህ ጎተራው ለሽያጭ ወይም ለክረምት ለሚቆየው እህል ይመቻል፤ የዕለት ፍጆታው በሌላ ዕቃ ቢቀመጥ ይሻላል።

ወጪውን ማስላት

የሁለቱን ዋጋ በገበያ ቀን ብቻ ያነጻጸረ ሰው ሁልጊዜ ከረጢቱ ይረክስለታል። ትክክለኛው ሂሳብ ዕቃው በዕድሜው ስንት ኩንታል እንደሚያቆይ ማየት ነው። 10 ኩንታል የሚይዝ ጎተራ 15 ዓመት ቢያገለግል በጠቅላላው 150 ኩንታል ያቆያል። አንድ ኩንታል የሚይዝ ከረጢት 3 የምርት ዘመን ቢያገለግል 3 ኩንታል ያቆያል። እንግዲህ አንዱ ጎተራ የ50 ከረጢት ሥራ ይሠራል። የጎተራው ዋጋ ከ50 ከረጢት ዋጋ በታች ከሆነ በረጅም ጊዜ ጎተራው ያዋጣል። ከረጢቱ 2 ዘመን ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ንጽጽሩ ከ75 ከረጢት ጋር ይሆናል።

ሂሳቡ የሚሠራው ጎተራው በየዓመቱ ሲሞላ ነው። ምርቱ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥበት፣ አንዳንድ ዓመት 4 ኩንታል ብቻ የሚያገኝ አርሶ አደር ግማሽ ባዶ በሆነ ጎተራ ነቀዙንም አያስቀርም፣ ገንዘቡንም አይመልስም።

በመኝታ ቤት ያለው መርዝ

በነቀዝ ምክንያት የሚጠፋው እህል ብቻ አይደለም። በብዙ ቤቶች እህሉ የሚቀመጠው ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ነው። በጆንያው መካከል የሚጨመረው የነቀዝ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ክኒኑ ከአየርና ከእህሉ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

ጆንያ ጋዝ ስለማይይዝ ፎስፊኑ ወደ ክፍሉ ይወጣል። በዚህ የተነሣ በእህሉ ውስጥ ያለው እንቁላልና እጭ በሕይወት ሲተርፍ በክፍሉ የተኙት ልጆች ይመረዛሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፤ ክኒኑ በቤት እንዳለም ለሐኪሙ መነገር ይኖርበታል።

በሚገባ በታሸገ ከረጢት ወይም ጎተራ ክኒኑ አያስፈልግም። እህሉ በሚተኙበት ቤት ከመቀመጥ ሌላ አማራጭ የሌለው ቤተሰብ በዕቃ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ከምንም በላይ የሚያዋጣውም በዚህ ነው።

ለዘርና ለከተማ ነዋሪዎች

ለዘር የሚቀመጥ እህል ከምግብ እህል ይበልጥ መድረቅ አለበት። ደረቅ ዘር በታሸገ ዕቃ የመብቀል ኃይሉን ጠብቆ ይቆያል፤ እርጥብ ዘር ግን በዚያው ታፍኖ ይሞታል። ለዘር ትንሽ ዕቃ፣ በተለይም ንጹሕ ጀሪካን ይመረጣል። በአንድ ጊዜ የሚዘራውን ያህል የያዘ ዕቃ እስከ መዝሪያው ቀን መከፈት አያስፈልገውም። በኬሚካል የታሸና ቀለም የተቀባ የተሻሻለ ዘር የነበረበት ከረጢት ግን ወደ ምግብ እህል መዞር የለበትም።

የከተማ ነዋሪም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደለም። ከገበያ የሚገዛው ስንዴ፣ ሽምብራና በቆሎ ነቀዙን በፍሬው ውስጥ ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ብዙ ቀለብ በአንድ ጊዜ የሚሸምት ቤተሰብ እህሉን አንፍሶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሚል ቢያስቀምጠው ከነቀዝ ይድናል። ሰፊ ቦታ ስለሌለው የብረት ጎተራ ብዙ ጊዜ አይመቸውም። በርበሬና ሽሮ ሳይደርቁ ከታሸጉ እንደ በቆሎው ሁሉ ይሻግታሉ። የቀለም ወይም የኬሚካል በርሚል ለከተሜውም ቢሆን ለምግብ አይሆንም።

ለማን የትኛው?

ከ10 ኩንታል በታች የሚያከማች፣ ከዚያ ላይ በየሳምንቱ የሚመገብ፣ በእጁ ብዙ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ባለሦስት ንብርብር ከረጢት ይመቸዋል። አይጥ የሚበዛበት ቤት ለዕለት ቀለቡና ለዘሩ ጠንካራ በርሚልና ጀሪካን ቢጨምር ይጠቀማል። በየዓመቱ ከ10 ኩንታል በላይ ለሽያጭ የሚያቆይ፣ ጣሪያ ያለው ደረቅ ቦታ ያለው፣ ጥሩ ሠሪ በአቅራቢያው የሚያገኝ አርሶ አደር የብረት ጎተራ ቢያሠራ ያዋጣዋል። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀምም ይቻላል፤ ለሽያጭ የሚቆየው በጎተራ፣ ለቀለብ የሚሆነው በከረጢት።

ውሳኔው መደረግ ያለበት ከአጨዳ በፊት ነው። ምርቱ በአውድማ ከተቆለለ በኋላ ከረጢት ፍለጋ መውጣት፣ ወይም ለጎተራ ሠሪ ወረፋ መያዝ፣ እህሉን ለሳምንታት ለነቀዝ ክፍት አድርጎ መተው ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የእርጥበት መለኪያ ካለው እህሉ ከመታሸጉ በፊት እንዲለካ መጠየቅ ተገቢ ነው። መለኪያ ከሌለም አንድ ጠርሙስና አንድ እፍኝ ጨው በየቤቱ አለ።